ንፍሮ ያልሆነው ባቄላ

ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ በጮቄ ተራራ ሥር ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ደብረ ኤልያስ ስለነበር የምንገናኘው እሱ ፈቃድ ሲያገኝ ወይም እኔ ወደ ማርቆስ ስወርድ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ደስተኞች ነበርን። እኔን የከበደኝ አንድ ነገር ነው፤ መብላት አቃተኝ።

ሌላዋ እርጉዝ ሦስት አራት ወር ሲሆናት ይተዋታል የሚባለው ማቅለሽለሽ እኔን ሊተወኝ አልፈቀደም። ሽሮ ሲንተከተክ ከሰማሁ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲነሳ፣ ሌላው ቀርቶ በተማሪዎቼ ጋቢ ላይ ያደረው የጢስ ሽታ ሆዴን ይገለብጠዋል። የተማሪ ወላጆች «ለመምህሯ» እያሉ በአገልግል የሚልኩልኝን አመስግኜ እቀበልና ለጎረቤት እሰጣለሁ። እኔ በሻይና በደረቅ ዳቦ እውላለሁ። ከሳሁ። ሆዴ ብቻ ወደፊት እየገፋ ሌላው ሰውነቴ ወደኋላ የቀረ ይመስል ነበር።

የሚያምረኝ ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ የምትሠራው የባቄላ ሰላጣ። ምንም የረቀቀ ነገር የለውም። እናቴ በጾም ቀን ባቄላ ትቀቅላለች፤ ሲቀዘቅዝ ትልጠውና ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትከትፍበታለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ዘይት ጠብ ታደርግበታለች፤ አለቀ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተከድኖ ይጠብቀናል። በዳቦም በእንጀራም እንበላዋለን፤ ደህና ነው ብሎ ያመሰገነው ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ሁልጊዜ ስለሚኖር ማንም የማያየው ምግብ ነበር። አሁን ግን ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ ድንገት የሎሚው ነገር ምላሴ ላይ ይመጣብኝና የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እረሳለሁ።

ሐሳባችን የወሊድ ፈቃድ ወጥቼ እናቴ ቤት እንድወልድ ነበር። በአገራችን ወግም የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ግን እናቴ ከገበያ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። ደውዬ «ነገ እመጣለሁ» ስላት ተቆጣች።

«መጥተሽ ምን ልታደርጊ? እኔን ልታስታምሚ? ውሃ ልትቀጂ? እኔን ጎረቤት ያነሣኛል፣ ጎረቤት ያስተኛኛል። አንቺ እዚያው ባለሽበት ቆዪ።»

«እማዬ፣ እዚህ ማን አለኝ?»

«ሲስተሯ አለች አይደል እንዴ! እሷ ከምትልሽ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ሲስተሯ ያለቻት በጤና ጣቢያው እርግዝናዬን የምትከታተለውን አዋላጅ ነርስ ነው። እሷም ደሜ ማነሱን ከነገረችኝ ሰንብታ ነበር። የእናቴን መሰበር ስነግራት እንኳንስ ልታጽናናኝ ትንሽ ደስ ያላት መሰለኝ።

«እንግዲያው ተገላገልን» አለች። «ብቻሽን ያንን የኪራይ ቤት ዘግተሽ ምጥ ቢመጣብሽ ማን ይሰማሻል? ማቆያው አለ፤ ገብተሽ ተቀመጪ። እኔም ከዓይኔ አትርቂም።»

ማቆያው በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ነው። ቤታቸው ሩቅ የሆነ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው፣ እዚያው እያበሰሉና እየተኙ ምጣቸውን የሚጠብቁበት። ባለቤቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ አስገባኝ፤ አልጋዬን አነጠፈልኝ፤ መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን ሦስቴ አየና በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲወጣ ዞር ብሎ አላየኝም። ቢያየኝ ሁለታችንም እንደምናለቅስ ስለገባው ነው።

እዚያ ቤት ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ ጠና ያለች የገበሬ ሚስት ናት፤ ከጮቄ ግርጌ፣ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ በበቅሎ የመጣች። ስድስት ልጆቿን ሁሉ የወለደችው ቤቷ ነው። ስድስተኛውን ስትወልድ ግን ደም ፈስሷት ከሞት አፋፍ ስለተመለሰች፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰባተኛውን ቤትሽ አትወልጂም ብላ እየጨቀጨቀች አስመጣቻት። ስንቋን በጆንያ ይዛ ነው የመጣችው፤ ባቄላ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ። «እንደምን አሉ» ስላት ሳቀች።

«ምነው ልጄ፣ አሉ አሉ ብለሽ አስረጀሽኝ። አሁን ልወልድ የመጣሁ ሴት አይደለሁም እንዴ? አንቺ በይኝ።»

ከዚያ ወዲያ «እትዬ» አልኳት። እስካሁንም እትዬ ናት።

ሁለተኛዋ ካገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ እግር ናት። አንገቷን ደፍታ ስለምትቀመጥና ሰው ሲያናግራት በነጠላዋ አፏን ስለምትሸፍን እትዬ «ሙሽሪት» ብላ ስም አወጣችላት። ሙሽሪት ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትውለው። ሲስተር ብትቆጣት፣ እትዬ ብትመክራት፣ «እሺ» ትልና አትበላም።

የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ቀረበ። ከምድጃው ሲወርድ ገና አፌን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ውሃ በጣሳ ይዛ ተከተለችኝ። ካስመለሰኝ በኋላ ፊቴን በመዳፏ አጠበችልኝ፤ እጇ ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ዘጠኝ ገብቷል።»

«ዘጠኝ ገብቶ እስካሁን ያስመልስሻል? ምን ጉድ ነው እቴ! ምን ቢሰጡሽ ነው የምትበዪ?»

አፈርኩ። የደከመች የገጠር ሴት የራሷን ስንቅ አካፍላኝ፣ እኔ እሱን ደጅ ላይ ደፍቼ፣ ደግሞ ምግብ ላማርጥ ነው። ግን ጠየቀችኝና ተናገርኩ።

«የባቄላ ሰላጣ።»

እትዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰላጣ ቅጠሉ አይደል እንዴ? ባቄላ ደግሞ መች ሰላጣ ሆኖ ያውቃል?» ከበሩ ውስጥ ሙሽሪትም ስትስቅ ሰማኋት። እኔም እየሳቅኩ አሠራሩን አስረዳኋት። «ባቄላው መጀመሪያ ይቀቀልና...» ስል ግን የእትዬ ፊት ተለወጠ።

«ንፍሮ ነዋ!»

«አዎ፣ መጀመሪያ ንፍሮ ይሆንና ከዚያ ሲቀዘቅዝ...»

«እንግዲህ እሱን ተይው ልጄ። ንፍሮ የለቅሶ ነው። ሦስት ነፍሰ ጡር በተኛንበት ቤት ንፍሮ አይጣድም። ባቄላዬን ነፍጌሽ አይደለም፤ ጆንያው ያውልሽ። ግን ሲቀቀል አላይም።»

ሰው ሲሞት ለለቀስተኛ ንፍሮ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ከተማም ያለ ነገር ነው። እኛ ቤት ግን እናቴ በረቡዕም በዓርብም ስለምትቀቅለው ከሞት ጋር አያይዤው አላውቅም። ነገሩን አልገፋሁትም። ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ የሆነ ነገር ሲቆላ ሸተተኝ። እንደ ልማዴ አፌን ያዝኩ፤ ግን ምንም አልመጣም። ሽታው ደረቅና ጣፋጭ ነው፤ የቆሎ ሽታ። እትዬ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ በብረት ምጣድ ትቆላለች። ልጣጩ እየተሰነጠቀ ጣ ጣ ይላል።

«አደርሽ?» አለችኝ ሳትዞር። «ሳስበው አደርኩ። አሹቅ እናድርገው። ተቆልቶ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዘፍ ባቄላ አሹቅ ነው እንጂ ንፍሮ አይባልም። ንፍሮ ውሃና እሳት አንድ ላይ ያገኙት ነው። ይኼ እሳቱን ጨርሶ ወርዶ፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚገባው። አንዱ ካንዱ አይገናኙም።»

«እውነትሽን ነው እትዬ።»

«እውነቴን ነው እንጂ!» አለችና ባቄላውን አማሰለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «ያን ጊዜ ደም ሲፈሰኝ ራሴን ስቼ ነበር። ሞታለች ብለው አልቅሰዋል። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ለቀብር የሚመጣው ሰው እንዳይራብ ብለው ንፍሮውን ጥደው ነበር። ስነቃ መጀመሪያ የሸተተኝ የራሴ ንፍሮ ነው። ለማን ነው ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ ጠፋ።»

 አጠገቧ ተቀመጥኩና ማማሰያውን ተቀበልኳት።

ባቄላው ተቆልቶ፣ ትኩሱን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ቸስ አለ። እስኪርስ ማደር ነበረበት። ሽንኩርት ከደጅ ይገኛል፤ ሎሚ ግን የቆላ ነው፤ የሮብ ገበያ ብርድ አያበቅለውም። ለእናቴ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት ስታለቅስ ሰማሁ።

«እኔ ደግሞ ብቻሽን የቀረሽ መስሎኝ ነበር... አሹቁን ማን ቆላልሽ?»

«አንዲት እትዬ አለች።»

«ስጪኛ!»

ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት። እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው ፊት የቆመች ይመስል ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

«እንደምን ከረሙ እናቴ? እግርዎ እንዴት ሆነ? ... እግዚአብሔር ይማርዎ። ... ኧረ ምንም አላደረግኩ፣ ባቄላ ነው የቆላሁ። ... አይ፣ አደራዋንስ ለማርያም ይስጡ፤ እኔ ራሴ እርጉዝ ነኝ።» ከዚያ ሁለቱም ሲሳሳቁ ሰማሁ። ስልኩ ወደ እኔ ሳይመለስ ብዙ ቆየ። ስለ እግር ስብራት፣ ስለ ወጌሻ፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ባቄላ አወሩ። እትዬ ሎሚ በባቄላ ላይ እውነት ይጨመቅ እንደሆነ ጠይቃ አረጋገጠች።

በማግስቱ እናቴ ሰፈር የሚያድር የሚኒባስ ሹፌር ፌስታል ይዞልኝ መጣ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ እኔና ሙሽሪት ወጣን። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ በጠርሙስ የሞላ ዘይት፣ ቲማቲም። ሹፌሩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «እናትሽ፣ ሽንኩርቱን በጨው አሽተሽ እጠቢው፣ አለበለዚያ ይሸትሻል፣ በልልኝ ብለዋል» አለኝ፤ መልእክቱን በልቡ እያጠና የመጣ ይመስላል።

ሦስታችን በሳፋው ዙሪያ ተቀመጥን። ባቄላው ርሶ ልጣጩ በሁለት ጣት ሲጫኑት ብን ብሎ ይወጣል። የሁላችንም ሆድ ስለገፋ ጉልበታችንን ከፍተን፣ ክንዳችንን ዘርግተን ነው የምንደርስበት። ሙሽሪት አንዱን ባቄላ ስትጫነው ተፈናጥሮ እትዬ ግንባር ላይ አረፈ። አንዴ ሳቅ ከጀመርን ማቆም አቃተን፤ ሲስተር ምጥ የመጣ መስሏት ከክፍሏ ሮጣ መጣች።

ከዚያ ቀመስኩ። የእናቴን አልመሰለም። የተቆላ ስለሆነ ጠንከር ያለና ትንሽ የጢስ ጣዕም ያለው ነው፤ ሎሚው ውስጡ ገብቶ ደግሞ ሌላ ነገር አድርጎታል። ዋጥኩና ጠበቅኩ። ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ። ምንም አልመጣም። ደግሜ ጎረስኩ። ሆዴ ውስጥ ልጄ ተገላበጠች።

«ምነው?» አለች እትዬ ደንግጣ።

«በላሁ» አልኳት። እንባዬ ወረደ።

እትዬም ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «ጥርሴን አጠረሰው!» አለች። ቢሆንም እጇ ወደ ሳህኑ መመለሱን አልተወም።

የቀረችው ሙሽሪት ናት። በዘጠኝ ሰዓት ትበላለች፤ ግን ያችው አንዴ ናት፤ ፊቷም ከቀን ወደ ቀን ይገረጣል። እትዬ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ «የነፍስ አባትሽን ቁጥር ታውቂው የለ? ደውዪ» አለቻት። ሙሽሪት ደወለች። የቄሱ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ለሁላችንም ይሰማል።

«ልጄ፣ አንቺ እኮ አሁን አንድ ነፍስ አይደለሽም። ጠዋት ተነሥተሽ ብዪ።»

«ጾሙስ አባቴ?»

«ጾምሽን እኔ እጾምልሻለሁ። ስትወልጂ ትመልሺልኛለሽ።»

ሙሽሪት ስልኩን ዘግታ ብዙ ሰዓት አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ የተነሣች እሷ ናት። ባቄላውን በዳቦ ይዛ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትበላ አገኘኋት፤ አፏንም አልሸፈነችም።

አሹቁ የቤቱ ምግብ ሆነ። አንድ ሳፋ ሲያልቅ ሌላ ይቆላል። ሲስተር ምሳ ሰዓት ላይ «ልመርምራችሁ» ብላ ትመጣና ከሳህኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ፊቴ መውዛት ጀመረ። ባለቤቴ እሁድ እሁድ ሲመጣ እያየኝ ይገረማል፤ ሎሚ ካላመጣም እትዬ በር ላይ ትይዘዋለች።

በአንድ የገበያ ቀን እትዬን ምጥ ያዛት። ከግቢው ውጪ የገበያተኛው ጫጫታ ይሰማል፤ እኔና ሙሽሪት ማቆያው በር ላይ ተቃቅፈን «ማርያም ማርያም» እንላለን። ደም ፈስሷት ነበር፤ ሲስተር በኋላ እንደነገረችን። ሐኪሞቹ ግን ቀድመው ተዘጋጅተው ስለነበር ወዲያው ቆመላት። ሲስተር ጓንቷን እያወለቀች ወጣችና «ወንድ ነው፤ እናትየዋም ደህና ናት» ስትል እልል ብለን አቀለጥነው።

ስገባ እትዬ ገርጥታ ተኝታለች። ልጇ ደረቷ ላይ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ሳምኳት። እጄን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ምን ይሸትሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምንም። ምንም አይሸተኝም።»

«እኔም ምንም አልሸተተኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሰይ! ተመስገን!»

ከሳምንት በኋላ ባሏ በቅሎ ይዞ ሊወስዳት መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ልጁን አየ፤ ፈገግ አለ፤ ከዚያ «ተነሺ እንጂ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ» አላት።

«ልጆቹ አንተ አለህላቸው፤ እናትህ አሉላቸው። ይቺ ማን አላት?» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ባሏስ?»

«ባሏ ደብረ ኤልያስ ነው የሚሠራ።»

«እናቷስ?»

«እግራቸውን ተሰብረዋል አላልኩህም በስልክ?»

እኔ በሐፍረት ልጠፋ ደረስኩ። «እትዬ፣ እባክሽ ሂጂ፤ ሲስተር አለችልኝ» አልኩ። «አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። ሰውየው ራሱን እያከከ ተቀመጠ። እትዬ ለራሷ ገና መቆም የሚከብዳት ሴት ተነሥታ እንጀራ ዘረጋችለት፣ ከአሹቁ ሰላጣ ጨመረችበት። ጎረሰ። አኘከ። ቆም ብሎ ሳህኑን አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የማርቆሶች አሹቅ ነው።»

«ሎሚ በባቄላ!» አለና ሳህኑ እስኪጸዳ በላ።  እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተነሣ፤ በቅሎውንም ፈታ። «እንግዲያው እስከ ሆሳዕና» አለ። ወደ እኔም ዞሮ «እግዜር በሰላም ይገላግልሽ» ብሎኝ ብቻውን ሄደ። ያ ሰው ያን ቀን የሰጠኝን ነገር እሱ ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። ስድስት ልጅ ቤት ትቶ፣ አራስ ሚስቱን ለማያውቃት የከተማ ሴት አበድሮ ነው የሄደው።

የኔ ምጥ ጠዋት፣ ባቄላ ስንልጥ ጀመረ። ከእኔ በፊት ያወቀችው እትዬ ናት። «ወገብሽን አሁንም ያዝሽው» አለችና ሳፋውን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በቁርጥራጭ ነው ትዝ የሚለኝ። የእትዬ እጅ ወገቤን ሲያሽ። ልጇ በጀርባዋ ታዝሎ ሲያለቅስ። ሙሽሪት በሻይ ማንኪያ ውሃ ስታጠጣኝ። ከቀትር በኋላ ሲስተር ፊቷን አጠንክራ ገባች።

«ልጁ አልወርድ ብሏል። ማርቆስ እንሂድ። አትፍሪ፤ እኔ አብሬሽ ነኝ።»

አምቡላንሱ መጣ። እትዬ ከነልጇ ልትሳፈር ስትል ሲስተር ትከሻዋን ይዛ መለሰቻት። «አንቺም አራስ ነሽ፤ ተመለሺ።» በሩ ሲዘጋ እትዬ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትጮህ ሰማኋት፤ «እናቴ! ልጅዎ እየመጣች ነው! ሆስፒታል ይቅደሟት!»

ሆስፒታሉ በር ላይ አምቡላንሱ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ነው። በክራንች ቆማለች። ከቤቷ በባጃጅ ተጭና መጥታ፣ ጎረቤቶቿ ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። «አለሁ ልጄ፣ አለሁ» ትላለች። ባለቤቴ ከደብረ ኤልያስ የደረሰው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ ነው። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ ግንባሬን ሳመኝ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ እልል ስትል ክራንቿን ለቃው መሬት ላይ ጓ ብሎ ወደቀ፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየ አሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ነቅቼ ልጄን ሲያሳዩኝ ትንሽ ነበረች፤ ጤነኛ ነበረች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካኋቸው ተኛሁ።

እትዬ የልጄን መወለድ በስልክ ከሰማች በኋላ ነው ወደ አገሯ የሄደች። ሙሽሪትም ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ወንድ ልጅ በሰላም ወለደች። ለነፍስ አባቷ ጾሙን መልሳላቸው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ለክርስትናው እትዬን ጠራኋት፤ የልጄ የክርስትና እናት እሷ ካልሆነች ሌላ ማን ይሆናል? ልጇን አዝላ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ በዚያው ሹፌር ሚኒባስ መጣች። ደብረ ማርቆስ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። እናቴ አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ እስከ አስፋልቱ ወርዳ ጠበቀቻት። ከሚኒባሱ ብዙ ሴቶች ወረዱ። ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ ስንት ጊዜ አሳልፈዋል፤ መልክ ግን አይተዋወቁም። እናቴ ግራ ተጋብታ ከአንዷ ወደ አንዷ ስታይ፣ እትዬ ከኋላዋ «እግርዎ እንዴት ዋለ እናቴ?» አለቻት። እናቴ ከዘራዋን ለእኔ ወረወረችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። መንገድ ላይ ቆመው ሲላቀሱ ባጃጆች ዞረዋቸው ያልፉ ነበር።

«ምን ብዬ ላመስግንሽ?» አለቻት እናቴ።

«ኧረ ምን አድርጌ! ባቄላ ነው የቆላሁ» አለች እትዬ፤ እውነትም ያደረገችው ይኸው ብቻ የመሰላት ይመስለኛል።

አሁን ልጄ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው። እኔም ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬያለሁ፤ ባለቤቴም ሥራው እዚሁ ሆኗል፤ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ዘንድሮ የእትዬ የመጀመሪያ ልጇ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ደረሳት። ዶርም ቢሰጣትም እሁድና በዓል እኛ ጋ ናት፤ ሲደክማትም እኛ ጋ ታድራለች። አልጋዋ ከልጄ አልጋ አጠገብ ነው። ልጄን ፊደል ታስቆጥራታለች፤ «ሀ» ላይ «ሁ» ላይ እየተሳሳቱ ይሳሳቃሉ። እትዬ ስትደውል ልጇ፣ ልጄና እናቴ በአንድ ጊዜ ስልኩ ላይ ይረባረቡና ሦስቱም አንድ ላይ ያወራሉ። ለእኔ ተራው የሚደርሰኝ መጨረሻ ላይ ነው።